የሌሊት ባቡርና ይሉኝታ

ኒውዮርክ ነኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። የጓደኛዬ ሰፈር ደረስኩ ብዬ ከባቡር ዘልዬ ወርጃለሁ፤ ባቡሩም በሩን ዘግቶ ሄዷል። ቀና ስል ግድግዳው ላይ ዳይኖሰር አየሁ።

ቅዠት እንዳይመስላችሁ። በትንንሽ ባለቀለም ሸክላዎች የተሠራ እውነተኛ ሥዕል ነው። ከእሱ ወዲያም ሌሎች እንስሳት አሉ። 81ኛው መንገድ የሚባለው ጣቢያ ከተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ሥር ስለሆነ ግድግዳው በእንስሳት ያጌጠ ነው። ቀን ቢሆን ፎቶ የምነሳበት ቦታ ነበር። ያኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የት ነው ያለሁት?

መውረድ የነበረብኝ 168ኛው መንገድ ላይ ነበር። 87 መንገድ ቀድሜ ወርጃለሁ ማለት ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት እዚያ እንዴት እንደደረስኩና እንዴት እንደወጣሁ ነው። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ትልልቅ ከተሞች የምትወጡ ብዙ ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ሌሊት ማንም አልዘረፈኝም፤ ማንም አልነካኝም። ጉድ ሊሠራኝ የነበረው ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ይሉኝታዬ ነው።

አክስቴና ጓደኛዬ

አሜሪካ የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። አክስቴ የምትኖረው ከዋሽንግተን ወጣ ብላ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ሰርጉ አለፈ፣ መልሱም አለፈ። የቀሩኝን አምስት ቀናት ዩኒቨርሲቲ አብራኝ ከተማረች ጓደኛዬ ጋር ኒውዮርክ ላሳልፍ ስነሳ፣ አክስቴ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ልጄ፣ በማታ ባቡር እንዳትሄጂ፤ አደራ! ይገፉሻል» አለችኝ። አክስቴ አሜሪካ 20 ዓመት ስትኖር ኒውዮርክን ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም በቀን።

ጓደኛዬ ደግሞ በማንሃተን ሰሜናዊ ክፍል፣ ዋሽንግተን ሃይትስ በሚባል ከእንግሊዝኛ እኩል ስፓኒሽ በሚሰማበት ሰፈር ትኖራለች። ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ ፈረቃዋ ብዙ ጊዜ የሌሊት ነው። የአክስቴን አደራ ስነግራት ሳቀችና «አክስትሽ የምታየው ዜናውን ነው፤ እኔ የማየው ባቡሩን ነው» አለችኝ።

ማንኛቸው ናቸው ልክ?

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስንቱ ስንቱ?» ብሎ ነው። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር በ1904 ሥራ የጀመረ፣ 472 ጣቢያዎች ያሉት፣ በአንድ የሥራ ቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ጉዞ የሚደረግበት ነው። ከእነዚህ መካከል በአንዱ ላይ ክፉ ነገር ሲደርስ ዜና ይሆናል። ቤቱ ገብቶ ራቱን የበላው ሌላው ሁሉ ግን ዜና አይሆንም። በዚህ በኩል ጓደኛዬ ልክ ናት።

የአክስቴ ፍርሃትም ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በጥር 2022 ታይምስ ስኩዌር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ባቡሩ እየገባ ሳለ ተገፍታ ሞታለች። ያን ዜና የሰማን ሰው «3 ሚሊዮን» የሚል ቁጥር አያጽናናውም።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። 3 ሚሊዮኑ የሙሉ ቀን ድምር ነው። ጠዋት ለሥራ የሚጋፋውና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቻውን የሚቆመው አብረው ተደምረዋል። አማካይ ቁጥር እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ይወክላል ይባልና የአንተን ሌሊት አይነግርህም። ጄን ጄከብስ የተባለች የኒውዮርክ ጸሐፊ በ1961 ስለ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ አንድን መንገድ በዋናነት ሰላም የሚያደርገው የፖሊስ ብዛት ሳይሆን የሚያይ ዓይን መኖሩ ነው ብላ ተከራክራለች፤ ባለሱቁ፣ በመስኮት የምታየው እናት፣ አላፊ አግዳሚው። ምድር ውስጥ መስኮት የለም። ሌሊት ላይ ዓይኑ ይሳሳል። የግዛቷ አስተዳደርም ይህን ስለሚያውቅ ነው በ2025 መጀመሪያ በሌሊት ባቡሮች ላይ ፖሊሶች አብረው እንዲጓዙ ያደረገው።

ስለዚህ «ኒውዮርክ አደገኛ ናት ወይስ ሰላም?» የሚለው ጥያቄ ለመንገደኛ ብዙም አይረባም። የሚረባው በስንት ሰዓት፣ የት ቆሜ፣ ከማን አጠገብ፣ በስንት ፐርሰንት ባትሪ የሚለው ነው። እነዚህ በአብዛኛው በእጃችን ናቸው። እኔ ያን ማታ አንድ በአንድ ከእጄ ጣልኳቸው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የአባቴ የድሮ ወዳጅ የሆኑ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ፣ ከ42ኛው መንገድ ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ በሚሆን አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። ራት ጠሩኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ልነሳ አስቤ ነበር፤ ዶሮው ገና እየቀረበ ነው። 4 ሰዓት ላይ ልነሳ ስል ቡና ተቆላ። አቦል ጠጥቶ መሄድ እንዴት ይሆናል? ቶና መጣ። ቶና ላይ ደርሶ በረካን መተውማ ነውር ነው። በረካው ሲያልቅ ሰዓቱ 6 አልፎ ነበር።

ስልኬ 11 ፐርሰንት ላይ ነው። ቻርጀር ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይታየኛል። «ልጠቀምበት?» ማለት ከበደኝ። በልቼ ጠጥቼ ደግሞ መብራታቸውን የምጨርስ መሰለኝ።

ጋሼ «ታክሲ ልጥራልሽ» አሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ «ኧረ አያስፈልግም፣ ባቡሩ እዚህ ነው!» አልኩ። ይከፍሉልኛል ብዬ ፈራኋ። የባቡሩ ዋጋ ወደ 3 ዶላር ነው፤ የታክሲው 30 እና 40 ይደርሳል። እኔም ብከፍል በብር ሳባዛው ራሴን ያመኛል።

«እሺ፣ ስትደርሺ ደውዪልን» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። በ11 ፐርሰንት።

ስልኬ የጠፋው ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ባቡር ስጠብቅ ነው። እንደ ዕድል የባቡር ካርዴን ለብቻ ገዝቼ ነበር። እንደ ብዙ ሰው በስልክ የምከፍል ቢሆን ኖሮ መግባትም አልችልም ነበር።

መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ኤ የሚባለው መስመር ከ42ኛው ተነስቶ 59ኛው፣ 125ኛው፣ 145ኛው፣ ከዚያ 168ኛው ላይ ይቆማል። አራተኛው የእኔ ነው። ያላወቅኩት፣ ይህ ባቡር በቀን ጣቢያ እየዘለለ የሚሮጥ ሲሆን ሌሊት ላይ ግን በየጣቢያው ይቆማል። የሚነግር ወረቀት ጣቢያው ውስጥ ነበር። አላነበብኩትም።

ፉርጎው ውስጥ ከፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ለራሱ ጮክ ብሎ ያወራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ እኔ እያየ። ተነስቼ ራቅ ብዬ ልቀመጥ ፈለግኩ። ግን «ብነሳ ይሰማዋል፤ የናቅኩት ይመስለዋል» አልኩ። ጎኔ ያለችውን ሴትዮ «168ኛው ገና ነው?» ልላት ፈለግኩ። «መንገድ እንደጠፋብኝ ታውቅብኛለች፣ አነጋገሬም…» እያልኩ ተውኩት። ጫማዬን እያየሁ የበሩን መከፈት ብቻ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዘልዬ ወረድኩ።

ዳይኖሰር።

ጥቁርና ነጩ ሰሌዳ

ጣቢያው ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሩቅ ጫፍ ላይ የቆመ ወንድ። ሌሊት ላይ ኤ ባቡር የሚመጣው በ20 ደቂቃ አንዴ ገደማ ነው። 20 ደቂቃ በመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ምንም አይደለም። እዚያ ግን ዓመት ነው።

ያኔ ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ ትዝ አለኝ። «ሌሊት ጫፍ ላይ እንዳትቆሚ። መሐል ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት ሰሌዳ አለ፤ እሱ ሥር ቁሚ» ብላኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒውዮርክ ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሠራተኛ አለው። ሾፌሩ ፊት ላይ ነው፤ ኮንዳክተሩ ደግሞ መሐል ላይ። ባቡሩ ሲቆም ኮንዳክተሩ በመስኮት ወደዚያ ሰሌዳ ጣቱን ይቀስራል። ባቡሩ በትክክል ከጣቢያው ጋር መግጠሙን አይቶ ነው በሩን የሚከፍተው። አንድ ቱሪስት ሲያየው ያስቃል። ሌሊት ብቻውን ላለ ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ሰሌዳው ሥር ከቆምክ ባቡሩ ሲመጣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፊትህ ላይ ይቆማል። አንዳንድ ጣቢያዎች ላይ ደግሞ «በሌሊት እዚህ ጠብቁ» የሚል ቢጫ ምልክት ተሰቅሏል። በየጣቢያው ሰማያዊ መብራት ያለው የእርዳታ መጥሪያም አለ፤ ቁልፉን ስትጫኑት ሠራተኛ ያናግራችኋል።

ሰሌዳውን አገኘሁና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ።

ሰውየው ከጫፍ ተነስቶ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ።

ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ይሰማኛል። የመጥሪያው ሰማያዊ መብራት በስንት እርምጃ እንደሚርቅ ቆጠርኩ። ሰውየው አምስት ስድስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። የሬስቶራንት ወጥ ቤት ሠራተኞች የሚለብሱትን ዳማ ዳማ ሱሪ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ ቦርሳ አለ። እኔን አላየም። ቀና ብሎ የሚያየው የባቡሮቹን መድረሻ የሚያሳየውን ሰሌዳ ነው፤ «ኤ፣ 14 ደቂቃ» ይላል።

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። «ይቅርታ፣ ወደ 168ኛው የሚሄደው የቱ ነው?» አልኩት።

«ይኸው ኤ ነው» አለኝ በደከመ ድምፅ። «ሌሊት ሁሉም ቦታ ይቆማል። እኔም በዚያው ነኝ።» ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጩ ሰሌዳ በአገጩ እያሳየ «እኔም ሁልጊዜ እዚህ ነው የምጠብቀው» አለ።

እኔ እሱን ስፈራ እሱ ለካ የመጣው እኔ ወደምፈልገው ሰሌዳ ነው።

ባቡሩ መጣ። ኮንዳክተሯ በመስኮት ጣቷን ወደ ሰሌዳው ቀሰረች። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

168ኛው ላይ ስወርድ ጓደኛዬ በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ መውጫው በር ላይ ቆማ ነበር። ስትደውል ስልኬ ዝግ ሲሆንባት ወጥታ ነው።

«ለምን ከጋሼ ቤት ሳትወጪ አልደወልሽልኝም?»

«እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ።»

«ሞተሽ ብትቀሰቅሺኝ ይሻል ነበር?»

መልስ አልነበረኝም።

ሳትወርዱ በፊት

ከዚያ ሌሊት በኋላ ከጓደኛዬ፣ ከራሴ ስህተትና ካነበብኩት ያሰባሰብኩትን ልንገራችሁ። አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ደረጃውን ከመውረዳችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ ስልክ። ፓወር ባንክ ያዙ። ስልካችሁ ከ30 ፐርሰንት በታች ከሆነ በሰው ቤትም ቢሆን ቻርጀር ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም። የምታርፉበትን አድራሻና የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። የባቡሩን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱት ወይም ስክሪንሾት አድርጉት። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ጣቢያዎች ዋይፋይ አላቸው፤ ባቡሩ በዋሻው ውስጥ ሲሄድ ግን ብዙ ቦታ ይቋረጣል። ስትከፍሉ በስልክ ብቻ አትተማመኑ።

ቀጥሎ ሰዓት። ኒውዮርክ 24 ሰዓት ከሚሠሩት ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት። ያም ሆኖ እንደ ቢ ያሉ ሌሊት ጭራሽ የማይሠሩ መስመሮች አሏት፤ እንደ እኔው ኤ ደግሞ ጸባያቸውን የሚቀይሩ አሉ። ሌሎቹ ይዘጋሉ። የዋሽንግተን ሜትሮ በሥራ ቀናት እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ይረዝማል። ለንደን ከ2016 ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ የተወሰኑ መስመሮች አሏት፤ በሌላው ቀን ግን እኩለ ሌሊት አካባቢ አለቀ። ዱባይም እንዲሁ በአብዛኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ቴል አቪቭ ያላችሁ ደግሞ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቀላል ባቡሩ እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ እንግዳ ሲመጣባችሁ ንገሩት። ሰዓቱ ስለሚቀያየር በዕለቱ አፑ ላይ እዩ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ አለ። የእነሱ 12 ሰዓት የእኛ 6 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቀኑ ግን ይሸውደናል። መርሐ ግብሩ ላይ «ቅዳሜ 1:00» ከሌሊት ከሆነ፣ እኛ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ» የምንለው ነው። ቅዳሜ አምሽቶ ያንን ባቡር የሚጠብቅ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል።

ሦስተኛ የማምለጫ ገንዘብ። አንድ የታክሲ ሒሳብ ለብቻው አስቀምጡ። ጉዞውን ስታቅዱ እንደ አውሮፕላን ትኬቱ አብራችሁ ቁጠሩት፤ ካልተጠቀማችሁበት ይመለሳል። እኔ ያን ማታ የታክሲውን ዋጋ ያወዳደርኩት ከ3 ዶላር ጋር ነበር። ማወዳደር የነበረብኝ ያለ ስልክ፣ በማላውቀው ጣቢያ ከምቆምበት 20 ደቂቃ ጋር ነው።

ስትጠብቁና ስትሳፈሩ

ዱባይ ውስጥ በመጠበቂያው ወለልና በሐዲዱ መሐል የመስታወት ግድግዳ አለ፤ በሩ የሚከፈተው ባቡሩ ሲቆም ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ባቡር ሲቀርብ የወለሉ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ኒውዮርክ ውስጥ አብዛኛው ጣቢያ ክፍት ነው። ስለዚህ ባቡሩ እስኪቆም ከጠርዙ ራቁ፤ ጀርባችሁን ለግድግዳ ወይም ለምሰሶ ስጡ። ሁለቱንም ጆሮ በኤርፎን አትድፈኑ። ስልካችሁ ሐዲዱ ላይ ቢወድቅ በፍጹም እንዳትወርዱ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ብረት ከ600 ቮልት በላይ ይሸከማል፤ ባቡሩም መቼ እንደሚመጣ አታውቁም። ሠራተኛ ጥሩ።

ባቡሩ ሲመጣ ባዶ ፉርጎ አይታችሁ አትደሰቱ። ሌሎቹ ሰው ይዘው አንዱ ባዶ ከሆነ ምክንያት አለው፤ ወይ ሽታ፣ ወይ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው የሸሸው ነገር አለ። ሰው ወዳለበት ግቡ። የኮንዳክተሩ ፉርጎ ከሁሉ ይሻላል።

በር አጠገብ ተቀምጦ ስልክ መነካካት በአዲስ አበባ ሚኒባስ መስኮት ዳር ስልክ እንደማውራት ነው። እዚያም ቀማኛ የሚጠብቀው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ነጥቆ ይወርዳል፣ እናንተ ከውስጥ በመስታወት ታዩታላችሁ። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ በየጣቢያው በሩ ሲከፈት ስልኩን ዝቅ አድርጉት። እንቅልፍም እንደዚያው ነው። ከበረራ ወይም ከፈረቃ ደክሞት ያንቀላፋን ሰው ኪስ በምላጭ የሚቀዱ ሌቦች ኒውዮርክ ውስጥ የቆዩ ናቸው። እንቅልፍ ካሸነፋችሁ ቆማችሁ ሂዱ።

ጮክ ብሎ ለራሱ ስለሚያወራው ሰውም አንድ ነገር ልበል። ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ ሌሊት ባቡር ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ የሚተኙበት ያጡ ናቸው፤ ባቡሩ ይሞቃል፣ ሌሊቱን ሙሉም ይሄዳል። መፍራት ግዴታ አይደለም፤ መሳደብና ፎቶ ማንሳት ደግሞ ነውር ነው። ግን ካልተመቻችሁ ተነሱ። መነሳት ስድብ አይደለም። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ሌላ ፉርጎ ግቡ። ባቡሩ እየሄደ በፉርጎዎቹ መሐል ባለው በር ማለፍ ግን ክልክልም ነው፣ አደገኛም ነው።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ መጀመሪያ ዓመት ላይ የተማርናት ነገር ትመጣለች፤ ተመላሽ የሌለው ወጪ። «20 ደቂቃ ጠብቄ ያገኘሁትን ባቡር እንዴት ልውረድ?» ትላላችሁ። 20 ደቂቃው አንዴ ሄዷል፤ ብትቆዩም አይመለስም። ጥያቄው ከአሁን በኋላ ያለው ነው። ካስፈራችሁ ውረዱ። ያ የማምለጫ ገንዘብ ለዚህ ነው የተቀመጠው።

ሴቶች፣ ይህን በተለይ ለእኛ ነው የምለው። የሚነካካ ወይም የሚከተል ሰው ሲያጋጥም ዝም ብሎ ጫማ ማየት እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አይሠራም። አጠገብ ያለችን ሴት እንደሚያውቋት ሆኖ «ሰላም! የት ልትወርጂ ነው?» ማለት ይሠራል። አብዛኞቹ ወዲያው ይገባቸዋል። በለንደን ባቡር ውስጥ ከሆናችሁ ለባቡር ፖሊሱ በ61016 ቴክስት ማድረግ ይቻላል፤ ስልክ አንስቶ መጮኽ ለማይመች ሁኔታ የተዘጋጀ ነው። ለድንገተኛ አደጋ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእንግሊዝና በዱባይ 999 ነው። ዱባይ ላይ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለ፤ ወንዶች፣ ተሳስታችሁ ብትገቡ 100 ድርሃም ትቀጣላችሁና ምልክቱን እዩ።

የሚከተላችሁ ሰው ካለ ወደ ባዶ መንገድ አትውጡ፤ በቀጥታም ወደ ቤት አትሂዱ። ሠራተኛ ባለበት በር ቆዩ ወይም ክፍት ሱቅ ግቡ። ትልልቅ ጣቢያዎች ብዙ መውጫ አላቸው፤ አንዳንዱ ሌሊት ይዘጋል። ለቤታችሁ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ሳትሳፈሩ በፊት እወቁ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ካርታ ከማንበብ ያድናል።

በረካ ሳልጠጣ

እነዚህን ሁሉ ስደረድር አንድ ነገር ታየኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እኮ አብዛኛውን እናውቀዋለን። ቦርሳ ወደ ፊት ማዞር፣ ሲመሽ ሰልፉ ረጅም የሆነበት ታክሲ ጋ መቆም፣ ለእናት «ደርሻለሁ» ብሎ መደወል፣ ማንም አላስተማረንም። ውጭ ስንሄድ የሚጠፋን እውቀቱ አይደለም። አፋችን ነው የሚዘጋው። ቋንቋው ይከብደናል፣ መንገድ እንደጠፋብን እንዳይታወቅ እንፈልጋለን፣ ሰው እንዳይቀየም እንጨነቃለን። ይሉኝታ በሰፈራችን ያከባብራል፤ ሌሊት 81ኛው መንገድ ጣቢያ ውስጥ ግን ብቻ ያስቀራል።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት ጋሼና እትዬ በድጋሚ ጠሩኝ። እንደገባሁ ቻርጀር ጠየቅኩ። ሰዓቱ 3 ተኩል ሲሆን አቦል ጠጥቼ ስኒውን አስቀመጥኩና «እትዬ፣ ይቅርታ፤ ሌሊት ባቡሩ ስለሚያስፈራኝ ቶናና በረካ ይቅሩብኝ» አልኩ። ስናገር ፊቴ ግሎ ነበር።

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው «ተነስ እንጂ፣ ካፖርትህን ልበስ፤ ልጅቷን ባቡሩ ድረስ ሸኛት» አሏቸው። ለእኔ ደግሞ «ያን ለት እኮ እስክትደውዪ ብለን እስከ 9 ሰዓት አልተኛንም» አሉኝ።

ለካ ያን ማታም የሚጠበቅብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር።